የመድረክ ድምፅ በክር ላይ፤ ስለ ጥላሁን ገሠሠ ዝግጅቶችና ስለ ሐዋሳ ፒያሳ ሰብሳቢዎች

ከሰው ልጅ ሥራዎች ሁሉ እንደ ዘፈን ፈጥኖ የሚያልፍ የለም። ግንበኛ ግንቡን፥ ሠዓሊ ሥዕሉን፥ ጸሐፊ መጽሐፉን ትቶ ይሄዳል፤ የዘፋኝ ሥራ ግን ከአፉ በወጣበት ቅጽበት በአየር ላይ ተበትኖ ይቀራል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ምሳሌ ለታሪክና ለሕግ የተነገረ ቢመስልም፥ ከሁሉ ይልቅ የሚነካው ዘፋኙን ነው። የዘፈን ግጥም በወረቀት ሊጻፍ፥ ዜማውም በኖታ ሊሰፍር ይችላል። ነገር ግን አንድ ድምፃዊ በአንድ ምሽት፥ በፊቱ ከተቀመጠው ሕዝብ ጋራ ሆኖ፥ ያዜመውን እንዳለ ወረቀትም ኖታም አይዘውም።

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የምንወደው ይህንኑ ነው። ርእሰ ነገራችን ጥላሁን ገሠሠ በመድረክ ላይ ያዜማቸው ዜማዎችና፥ እነዚህን ዜማዎች ያለ ማንም ፈቃድ በክር እየቀዱ ከዘመን ወደ ዘመን ያሻገሩት ሰዎች ናቸው። ስለ ጥላሁን ሕይወት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሰብሳቢዎቹ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። እኛም ካሴት ስናስቀዳና ስንለዋወጥ የኖርነው በሐዋሳ ፒያሳ ነውና፥ ነገሩን ከዚያ ሆነን እናየዋለን። ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ ያለ ፈቃድ የቀዳ ሰው የድምፁ ጠባቂ ነውን ወይስ የዘፋኙን እንጀራ ነጣቂ?

ከአዝማሪ እስከ ሬዲዮ

የመቅረጫ መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት ዘፈንን ይዞ የሚያቆየው የሰው ጆሮና ልቡና ብቻ ነበር። አዝማሪው ከአባቱ ወይም ከአጎቱ የሰማውን ይዞ፥ የራሱንም ጨምሮ፥ ለልጁ ያስተላልፍ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ዜማ በምልክት ሲጻፍ ቢኖርም፥ ምልክቱን አንብቦ የሚያዜመው ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ በጆሮው የተማረ ደቀ መዝሙር ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር ሄደው በነበሩ ጊዜ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከቀደምቶቹ የአማርኛ ሸክላዎች የሚቆጠሩት እነዚህ ሥራዎች፥ ባለ ድምፁ ካለፈም በኋላ ድምፁ ሊሰማ እንደሚችል ለአገራችን ሰው አስረዱ።

ከጣልያን ወረራ በኋላ ዘመናዊው ሙዚቃ በመንግሥት ተቋሞች ዙሪያ ተሰበሰበ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር፥ የክቡር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፥ እንዲሁም በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ዋናዎቹ ነበሩ። ዘፋኙ ደመወዝተኛ ነበር፤ አንዳንዱም የደንብ ልብስ የለበሰ ወታደር ነበር። ሸክላ የማሳተምና ከውጭ አገር የማስመጣት መብት በ1940 ዓ.ም. በወጣ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ስለ ነበር፥ የግል ነጋዴ በዚህ ሥራ እንዲገባ አልተፈቀደለትም። ከዚህም የተነሣ በ1950ዎቹ ዓመታት የታላላቆቹ ኦርኬስትራዎች ሥራ በብዛት የሚሰማው በሁለት ስፍራ ነበር፤ በመድረክና በሬዲዮ። ሬዲዮ ጣቢያው በትልልቅ ጥቅል ክር እየቀረጸ ያሰማ፥ ክሩንም ያስቀምጥ ነበር። የመድረኩን ግን ያየ አየ፤ ያላየ ቀረ።

ጥላሁን በመድረክ

ጥላሁን ገሠሠ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልዶ በወሊሶ አደገ። ገና በወጣትነቱ በሀገር ፍቅር ከሠራ በኋላ ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተዛወረ፤ በዚያም የእነ ሣህለ ደጋጎ የሙዚቃ ቅንብር ከድምፁ ጋራ ተገናኘ። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ መኰንኖች የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ባደረጉ ጊዜ፥ ኦርኬስትራው የጦሩ አካል ነበርና ጥላሁንም ታስሮ ተፈታ። ከዘፈኖቹም አንዳንዶቹ የፖለቲካ ትርጉም ተሰጥቷቸው በጥርጣሬ ዓይን ታዩ።

ይህ ነገር ስለ መድረክ ሙዚቃ አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል። የሰምና ወርቅ ልማድ ባለበት አገር የዘፈን ትርጉም ከግጥሙ ብቻ አይገኝም፤ አድማጩ በየትኛው ቃል ላይ እንዳጨበጨበ፥ በየትኛውም ላይ ዝም እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ የፍቅር ዘፈን በአንድ ዓመት የፍቅር ዘፈን ብቻ ሆኖ ይሰማል፤ በሌላው ዓመት፥ ቃሉ ሳይለወጥ፥ የአገር እሮሮ ሆኖ ይሰማል። ይህንን ልዩነት ሸክላ አይነግረንም፤ ሸክላ የሚቀረጸው ሕዝብ በሌለበት ክፍል ውስጥ ነውና። የሚነግረን የሕዝቡን ድምፅ ከዘፋኙ ድምፅ ጋራ የያዘ ክር ብቻ ነው።

ጥላሁን በሸክላና ጥላሁን በመድረክ ሁለት ሰው ነበሩ ብንል ማጋነን አይሆንብንም። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለ ሆነ፥ ዘፈኑ እንደ ልብስ በልክ ይሰፋለት ነበር። መግቢያው ያጥራል፤ ድግግሞሹ ይቀነሳል፤ የሳክስፎኑም ጨዋታ ገና ከመጀመሩ ያልቃል። በመድረክ ግን ልኩን የሚወስነው አድማጩ ነው። እኛ ጥላሁንን በመድረክ ያየነው በብሔራዊ ቴአትር በሚሠራበት ዘመን ነው። ከሐዋሳ እስከ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፥ ለበዓል ዝግጅት የሚሄድ ሰው ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሮ፥ ሻሸመኔን፥ ዝዋይንና ሞጆን አልፎ፥ አቧራውን ሳያራግፍ ከቴአትር ቤቱ በር ይሰለፍ ነበር።

መጋረጃው ተከፍቶ ኦርኬስትራው መግቢያውን ሲጀምር አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል፤ ጥላሁን አፉን ሲከፍት ደግሞ ጸጥ ይላል። ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድን ቃል ይዞ ሲቆይ፥ ቃሉንም እንደ ፈትል እያቀጠነ ሲያወርደው፥ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቅ ነበር። ቃሉ ባለቀ ጊዜ «ይደገም!» የሚል ጩኸት ይነሣል፤ እርሱም ይደግመዋል። ሲደግመው ግን ያንኑ አይደለም፤ አንዱን ሐረግ ያዘገያል፥ ሌላውን ያፈጥናል፥ አንዳንድ ጊዜም እንባ ይቀድመውና ቃሉን ኦርኬስትራው ይጨርስለታል። ወደ መድረክ ወጥቶ በግንባሩ ላይ ብር የሚለጥፍለት አድናቂም ብዙ ነበር። ትዝታን በሸክላ የሰማና በመድረክ የሰማ ሰው ስለ አንድ ዘፈን ሲነጋገሩ የማይግባቡት በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ሐዋሳ ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ የምንጨቃጨቀው ስለ ሌላ አልነበረም፤ ያንን ቃል ሁለተኛ ሲለው ወደ ላይ ወጣ ወይስ ወደ ታች ወረደ እያልን ነበር። ክርክሩን የሚፈታ ዳኛ አልነበረም። ዳኛው ካሴት ሆነ።

ሸክላና ካሴት

ከካሴቱ በፊት ግን ስለ ሸክላው ዘመን ጥቂት እንበል። በ1961 ዓ.ም. ገደማ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ፥ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠውን የብቻ መብት ተዳፍሮ፥ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች በሸክላ አሳተመ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም ከመቶ በላይ የሆኑ ትንንሽ ሸክላዎችንና ወደ አሥራ ሁለት የሚጠጉ ትልልቅ ሸክላዎችን አወጣ። ፊሊፕስና ካይፋም በዚሁ መስክ ሠሩ። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ፍራንሲስ ፋልሴቶ እንደሚገምተው፥ በእነዚያ አሥር በማይሞሉ ዓመታት በኢትዮጵያ የወጡት 500 ያህል ትንንሽና 30 ያህል ትልልቅ ሸክላዎች ናቸው። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያደንቀው የዚያ ዘመን ሙዚቃ በሸክላ ሊገኝ የቻለው፥ አንድ ሰው ያለ ፈቃድ ሥራ ስለ ጀመረ መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1967 ዓ.ም. የዘውዱ መንግሥት ከወረደ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በሰዓት እላፊ ምክንያት የሌሊቱ ጨዋታ ተዳከመ፤ አምሃ እሸቴም በዚያው ዘመን ከአገር ወጣ። ለሕዝብ የሚቀርብ ግጥም በሳንሱር የሚያልፍ ሆነ፤ በየክፍለ ሀገሩና በየቀበሌው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖችም ሙዚቃን ለቅስቀሳ አዋሉት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሸክላ ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። ካሴትን የፊሊፕስ ኩባንያ በ1955 ዓ.ም. ለዓለም ካስተዋወቀው በኋላ፥ በርካሽነቱና በቀላልነቱ በየአገሩ ተስፋፍቶ ነበር። ሸክላን ለማተም ፋብሪካ ያስፈልጋል፤ ካሴትን ለመቅዳት ግን ሁለት ማጫወቻና አንድ ባዶ ካሴት ይበቃል። እንደዚሁም መሣሪያው በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ፥ መብራት በሌለበት ገጠር ሳይቀር ገባ። ስለዚህ ሙዚቃን የመቅረጽ ሥልጣን ከመንግሥትና ከነጋዴ እጅ ወጥቶ በማንኛውም ሰው እጅ ገባ። ይህ በሙዚቃ ታሪካችን ውስጥ ከአዲስ መሣሪያ መምጣት የሚበልጥ ትርጉም ያለው ለውጥ ነበር።

ሐዋሳ ፒያሳ

ሐዋሳ ወጣት ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን፥ በደርግ ዘመን የሲዳሞ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ሆነች፤ ዛሬም በ2012 ዓ.ም. የተመሠረተው የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት። እንግዲህ ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ሲወጣ በዚያ ስፍራ ከተማ አልነበረም። ታዲያ ፒያሳ የሚለው የጣልያንኛ ቃል፥ ትርጓሜውም አደባባይ ማለት ሲሆን፥ ከወዴት መጣ? ከጣልያኖች አፍ በቀጥታ የመጣ አይመስለንም፤ ከአዲስ አበባው ፒያሳ የተቀዳ ነው ብንል ያስኬዳል። ሱቁና ቡና ቤቱ የሚበዛበት የመሀል ከተማ ስፍራ በሌሎችም ከተሞች በዚሁ ስም ሲጠራ እናያለንና። ስሙ ማንንም ሳያስፈቅድ ከከተማ ወደ ከተማ ተቀዳ፤ ዘፈኑም በዚያው መንገድ ተከተለው።

በፒያሳ ካሴት ቤት ማለት ለእኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ማለት ነበር። በሩ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ መንገደኛውን ያቆመዋል፤ በውስጥም የካሴቶቹ ሽፋኖች የዘፋኞቹን ፊት እያሳዩ ከወለል እስከ ጣራ ተደርድረዋል። ደንበኛው የሚፈልጋቸውን ዘፈኖች በወረቀት ላይ ጽፎ፥ ባዶ ካሴት ገዝቶ ወይም አሮጌውን ይዞ ይመጣል፤ ባለ ሱቁም በተራ በተራ ይቀዳለታል። ተማሪው በዚህ ሁኔታ ያስቀዳውን ካሴት ለጓደኛው ያውሳል፤ ጓደኛውም ለእኅቱ፥ እኅቱም ለጎረቤት ታውሳለች። አንድ ካሴት ከአንድ ሰፈር ወጥቶ ወደ ባለቤቱ ሳይመለስ ዓመት ይሞላዋል።

ሰብሳቢ የሚባለው ሰው ግን ከዚህ የተለየ ነበር። እርሱ የሚፈልገው በሱቅ የማይገኘውን የመድረክ ዝግጅት ነው። ይህም ክር የሚገኝባቸው መንገዶች ሦስት ነበሩ። አንደኛው፥ በቴአትር ቤቱ ውስጥ መቅረጫውን በካፖርት ወይም በጋቢ ሸፍኖ የቀዳ ሰው ነው። ሁለተኛው፥ የበዓል ዝግጅት በሬዲዮ ወይም በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ቴፑን አጠገቡ አስቀምጦ የቀረጸ ነው፤ በእንዲህ ያለው ክር ላይ ከጥላሁን ድምፅ ጋራ የቡና ሙቀጫ፥ የሕፃን ልቅሶና የበር መንኳኳት ይሰማል። ሦስተኛው፥ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከቀረበ ዝግጅት ተቀድቶ በመንገደኛ ሻንጣ የመጣ ነው። እነዚህ ሁሉ በአውቶቡስ ሾፌር፥ ለዕረፍት በሚመለስ ተማሪ፥ ወይም ለገበያ አዲስ አበባ በወጣ ነጋዴ እጅ ወደ ፒያሳ ይደርሱ ነበር። መድረሳቸውም በአንድ ቀን ይታወቅ ነበር። ማታ ከአንዱ ቤት ተሰብስበን፥ በሩን ዘግተን፥ ያንኑ የአንድ ምሽት ዝግጅት እንደገና እናደምጥ ነበር፤ አዳራሹ ሲያጨበጭብም አብረን የምናጨበጭብ ነበርን።

ክርን እንደ ሰነድ ስለ ማንበብ

ካሴት መሰብሰብ ትዕግሥትና ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ ነው። በካሴቱ ውስጥ ያለው ክር አራት ሚሊ ሜትር እንኳን የማይሞላ ስፋት ያለው ቀጭን ላስቲክ ሲሆን፥ ድምፁ የሚቀመጠው በላዩ በተቀባው የብረት ዱቄት ላይ ነው። 60 የሚል ቍጥር የተጻፈበት በየገጹ 30 ደቂቃ፥ 90 የተጻፈበት በየገጹ 45 ደቂቃ ይይዛል። ከክር ወደ ክር በተቀዳ ቍጥር ሹክሹክታው እየጨመረ፥ የድምፁ ጥራት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ የሠለጠነ ጆሮ አንድ ካሴት ከመጀመሪያው ክር ስንተኛ ትውልድ እንደ ሆነ በግምት ሊናገር ይችላል። ድንጋዩ በደከመ መሣሪያ የተቀዳ ከሆነ ክሩ በዝግታ ዞሮ ነበርና፥ በደኅና መሣሪያ ሲጫወት ዘፈኑ ይፈጥናል፤ ድምፁም ይቀጥናል። ብዙ ሰው የጥላሁን የልጅነት ድምፅ ነው ብሎ የሚያከብረው ቀጭን ድምፅ፥ አንዳንድ ጊዜ የደከመ ድንጋይ ሥራ ሆኖ ይገኛል። በካሴቱ ጀርባ ያሉት ሁለት ትንንሽ ላስቲኮች ከተሰበሩ በላዩ ሌላ ሊቀዳበት አይችልም። ካሴቱን የሚወድ ሰው ይሰብራቸዋል፤ የተቸገረ ሰው ግን ቀዳዳውን በወረቀት ደፍኖ በላዩ ሌላ ይቀዳበታል። በዚህ ሁኔታ የጠፋው ሙዚቃ ተቈጥሮ አያልቅም።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስቸግረው ዘመኑን ማወቅ ነው፤ በካሴቱ ላይ «ጥላሁን፥ የመድረክ» ከሚል በቀር ሌላ የተጻፈ አይገኝምና። በዚህ ጊዜ የሚረዳን ዘፈኑ ሳይሆን በዘፈኑ ዙሪያ ያለው ነው። አስተዋዋቂው ቴአትር ቤቱን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብሎ ከጠራው ዝግጅቱ ከአብዮቱ በፊት ነው፤ ብሔራዊ ቴአትር ካለው ከዚያ በኋላ ነው። የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ የሚል ስም ከተሰማ ዘመኑ ይበልጥ ወደ ኋላ ይርቃል። ኤሌክትሪክ ኦርጋን የሚሰማበት ክርና ነፋስ መሣሪያዎች ብቻ የሚሰሙበት ክርም በአንድ መደርደሪያ አይቀመጡም። እንደዚሁም የአስተዋዋቂው ሰላምታ ዘመን አለው፤ ጌቶችና እመቤቶች የተባለበት አዳራሽና ጓዶች የተባለበት አዳራሽ አንድ አይደሉም። ታሪክ ጸሐፊ ብራናን በቀለሙና በፊደሉ አጣጣል ዘመን እንደሚሰጠው፥ ሰብሳቢም ክርን በእንዲህ ያለ ምልክት ዘመን ይሰጠዋል።

ይህ ጉዳይ በአገራችን ብቻ የታየ አይደለም። በኒው ዮርክ የሜትሮፖሊታን ኦፔራ የኖታ ቤት ኃላፊ የነበረው ላየነል ማፕልሰን፥ እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1903 ድረስ የመድረኩን ዜማ በሰም ሲሊንደር ላይ ይቀርጽ ነበር። እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ድምፁም በጩኸት የተሸፈነ ነው። ነገር ግን ዣን ደ ሬስኬ የተባለው የዘመኑ ታላቅ ዘፋኝ በመድረክ ላይ ሲዘፍን ለመስማት ዛሬ ያለን ምስክር ያ ሰም ነው። እንዲሁም ዲን ቤነዴቲ የተባለ ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1947 እና በ1948 የጃዝ ሊቅ ቻርሊ ፓርከርን በየክበቡ እየተከተለ ቀርጾታል። ሆኖም መቅረጫውን ለመቆጠብ ሲል የሚከፍተው በአብዛኛው ፓርከር ብቻውን ሲጫወት ነበርና፥ የሌሎቹ ጨዋታ ሳይቀረጽ ቀረ። የእኛም ሰብሳቢዎች ክር ለመቆጠብ ሲሉ ጭብጨባውንና ማስታወቂያውን ቈርጠው ጥለዋል፤ ከዘፈኑም ጋራ ዘመኑ ሊታወቅ የሚችልበትን ምስክር ጣሉት።

ጠባቂ ወይስ ነጣቂ

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ያለ ፈቃድ መቅዳት ጠቅሟል ስንል፥ የጎዳውን ሰው መርሳት አይገባንም። በካሴት ዘመን ዘፋኙ ሥራውን አብዛኛውን ጊዜ ለአሳታሚ የሚሸጠው በአንድ ጊዜ ክፍያ ነበር። ካሴቱ በወጣ ሳምንት በየከተማው ሲገለበጥ፥ አሳታሚው ይከስራል፤ ለሚቀጥለው ሥራ የሚከፍለውንም ይቀንሳል። ጕዳቱ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በዘፋኙ፥ በገጣሚው፥ በዜማ ደራሲውና በሙዚቀኛው ላይ ነው። በየመንገዱ ድምፁ የሚሰማ ሰው በቤቱ የሚቸገርበት ዘመን የነበረው በዚህ የተነሣ ነው። በሐዋሳ ፒያሳ የተቀዳው ካሴት ከዚህ ዕዳ ነፃ አይደለም።

ሕጉም ይህንን ሳያይ አልቀረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት ደንግጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 410 ደግሞ ከደራሲው ጋራ የከዋኙን መብት በግልጽ አወቀ፤ ይኸውም ዘፋኙ ገና ያልተቀረጸ ዝግጅቱ እንዲቀረጽ የመፍቀድ ወይም የመከልከል መብት አለው ማለት ነው። ይህም አዋጅ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 872 ተሻሽሏል። በጋቢ ውስጥ መቅረጫ ይዞ የገባው ሰው ዛሬ ቢያደርገው ኖሮ በሕግ ፊት ጥፋተኛ ነው። ያ ሰው ባይኖር ኖሮ ግን ያ ምሽት አይኖረንም ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ይዘን ሌላውን ልንጥል አንችልም።

በእኛ አስተያየት ፍርዱ የሚወሰነው ሰውዬው በመቅዳቱ ሳይሆን ከቀዳ በኋላ ባደረገው ነው። ቀድቶ የጠበቀ፥ ጠብቆም ለባለ መብቱና ለትውልድ ያስረከበ ሰው ጠባቂ ነው። ቀድቶ የሸጠ ሰው ነጣቂ ነው። ቀድቶ ከሣጥን ውስጥ የቈለፈና ክሩ እስኪበሰብስ ድረስ ለማንም ያላሰማ ሰው ግን ከሁለቱም የከፋ ነው፤ ከዘፋኙ ወስዶ ለማንም አልሰጠምና። በሐዋሳ ሰብሳቢዎች ዘንድ ዛሬ የሚታየው አደጋ ይህ ሦስተኛው ነው።

የውጭ ሰዎች ሥራ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። ክራምድ ዲስክስ የተባለው የቤልጅግ አሳታሚ የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 ለአውሮፓ ሕዝብ አቀረበ። ፋልሴቶም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም የሚታወቁትን ተከታታይ ሥራዎች በፈረንሳይ አገር አወጣ፤ 17ኛው ክፍልም ለጥላሁን ገሠሠ የተሰጠ ነው። ይህ ሥራ የሚያስመሰግን ቢሆንም፥ መሠረቱ በዚያ ዘመን በሸክላ የታተመው ሙዚቃ ነው። የመድረኩ ግን የሚገኘው በእኛው ቤት፥ በአልጋ ሥር ባለ ካርቶን ውስጥ ነው።

ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፥ በትንሣኤ በዓል ዕለት፥ ዐረፈ። በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በመስቀል አደባባይ አልቅሶ ሸኘው፤ በመንግሥት ሥርዓትም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። በዚያ ሳምንት በሐዋሳ ፒያሳ ካሴቶቹ ከየቤቱ ወጥተው ነበር። ከእነርሱ መካከል አንዳንዶቹ ሲጫወቱ ተበጠሱ፤ አንዳንዶቹም ሻግተው ከሹክሹክታ በቀር ድምፅ አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ የካሴት ማጫወቻ ከየቤቱ ጠፍቷል፤ ቀደምቶቹም ሰብሳቢዎች እያረጁ፥ እያለፉም ናቸው። ልጆቻቸው ቤት ሲያጸዱ ካርቶኑን ምን እንደ ሆነ ሳያውቁት ይጥሉታል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። መጀመሪያ፥ የመድረክ ክር ያለው ሰው ሁሉ ከማን እንዳገኘው፥ መቼና የት እንደ ተቀዳ የሚያውቀውን በወረቀት ጽፎ ከካሴቱ ጋራ ያስቀምጥ፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለተኛ፥ ክሩ ሳይጸዳና ሳይቈረጥ፥ ከነጭብጨባውና ከነአስተዋዋቂው፥ ወደ አዲሱ መሣሪያ ይገልበጥ። ለዚህም ሥራ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፥ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ቢተባበሩ የሚጠቀሙት ራሳቸው ናቸው። ሦስተኛ፥ ከተገለበጠው አንድ ቅጂ ለዘፋኙ ቤተሰብና ለባለ መብቶች ይሰጥ፤ ገንዘብ የሚያስገኝ ሆኖ ከተገኘም ገንዘቡ የእነርሱ ይሁን።

ይህ ጽሑፍ ከመምህራንና ከተማሪዎች እጅ ስለሚገባ፥ ነገራችንን ወደ እነርሱ መልሰን እናበቃለን። ታሪክ የሚጻፈው ከመንግሥት ደብዳቤና ከጦርነት ዜና ብቻ አይደለም። አንድ ሕዝብ በአንድ ምሽት በየትኛው ቃል ላይ እንዳጨበጨበ የሚናገር ክር በአባትህ ወይም በእናትሽ ቤት ይገኝ ይሆናል። ጠይቁ፤ አድምጡ፤ ጻፉ። ክሩ የሚቈይበት ዕድሜ አጭር ነው፤ የሰማውን የሚመሰክር ሰው ዕድሜም ከዚያ እምብዛም አይበልጥም።